40 አይን ጀምሬ 53 ደረሰ፣ ሹራቤ ምን ነካው?

ባለፈው ሳምንት ማታ ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ ስለ ክር የከፈትኩት የውይይት ክር ራሱ ተወሳስቦ ጠበቀኝ ሃሃ። አሁን 33 መልስ ደርሷል። ከመሀል የገቡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ ደከመን ስላሉ በቁጥር በቁጥር እተርክላችኋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ እኔ እንደገባኝ ነው የማወራው፣ ያጣመምኩት ካለ ቁጥሩን ጠርታችሁ አርሙኝ።

መክፈቻው የኔ ነው። ጀማሪ ነኝ፣ በጣም ጀማሪ፣ ለታናሽ እህቴ ሻርፕ ልሠራ ብዬ ከእናቴ ሣጥን ሁለት የአሉሚኒየም መርፌ አወጣሁ፣ ጭራው ላይ 4 ሚሊ ይላል፣ ክሩም እዛው ሣጥን ውስጥ የተረፈ ጥቁር ክር ነው። ዩቲዩብ ላይ አንዷን ሴትዮ እያየሁ 40 አይን አነሳሁ (አይን የምለው መርፌው ላይ የሚሰካውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት ነው፣ እናቴ እንደዛ ስለምትለው)። አንዱን መስመር በፊት፣ መመለሻውን በጀርባ (በፊት የምለው ክሩን ከሥራው ኋላ ይዞ የሚሠራውን አይን ነው፣ በጀርባ ደግሞ ክሩን ወደ ፊት አምጥቶ የሚሠራውን) እያልኩ አንድ ስንዝር ያህል ሄድኩ። ከዛ ዘርግቼ ሳየው ታቹ ጠባብ ላዩ ሰፊ፣ የተገለበጠ ቀሚስ መስሏል፣ ብቆጥረው 53። 13 አይን ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ጠረጴዛ ላይ ስተወው እንደ ክታብ ጥቅልል ብሎ ይተኛል፣ ይሄስ ምንድነው? ሶስተኛ፣ ሳልተረትረው ማዳን ይቻላል ወይ፣ ሶስት ማታ ፈጅቶብኛልና። ጥያቄዬ ይሄው ነበር።

መልስ 1 እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ ብላ ተቀበለችኝና ሳላመነታ እንድተረትረው መከረችኝ፣ የመጀመሪያ ሥራ ለመተርተር ነው የሚሠራው አለች። እህቴ የምትለዋን ለጊዜው ዝም ብዬ አለፍኳት።

መልስ 2 ፎቶ ካላየሁ አልፈርድም አለ። ማታ መኪና ውስጥ በጣሪያ መብራት ያነሳሁትን ለጠፍኩ፣ የሚታየው ጥቁር ጨርቅ ጥቁር ሱሪ ላይ ነው፣ ምንም አይታይም። ሰውየው ተበሳጨ፣ ግን ከብስጭቱ ጥሩ ነገር ወጣ። ጀማሪ በጥቁር ክር አይጀምርም፣ በጸጉራም ክርም አይጀምርም፣ ምክንያቱም አይኑን ለይተህ ካላየህ ስህተቱንም አታየውም፣ ስትተረትረውም ጸጉራሙ እርስ በርሱ ይያያዛል። ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ አንድ ቀለም የሆነ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ግዢ፣ በቀን ብርሃን ሥሪ አለኝ። (ግዢ፣ ሥሪ። አዎ።) እውነቱን ለመናገር ክሩ እናቴ አያቴ ስታርፍ የሐዘን ሻርፕ የሠራችበት ትራፊ ነው፣ ነጻ ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

መልስ 3 ላይ ቆም በሉ፣ የክሩ ሁሉ ዋጋ እዚህ ነው። ድሮ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ታስተምር የነበረች ሴት ናት፣ ከሷ በኋላ ሁሉም መምህርት እያለ ነው የሚጠራት። ረጅም ጻፈች። 13ቱ አይን ከአንድ ቦታ አይደለም የመጣው፣ ከሶስት በሮች አንዱን ወይ ሁሉንም ነው የገባው አለች። አንደኛው በር የመስመሩ መጀመሪያ ነው። ሥራውን አዙረሽ አዲስ መስመር ስትጀምሪ ክሩ በመርፌው ላይ ተጎትቶ ወደ ኋላ ከሄደ የመጀመሪያዋን አይን ከታች ወደ ላይ ይስባታል፣ ያኔ ሁለቱ እግሮቿ መርፌው ላይ ይወጡና አንዷ አይን ሁለት ትመስላለች። ጀማሪ ሁለቱንም ይሠራቸዋል፣ በቃ ተወለደች። መድኃኒቱ መርፌውን ከማስገባትሽ በፊት ክሩን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ከመርፌው በታች አሳልፎ ወደ ኋላ መውሰድ ብቻ ነው። ሁለተኛው በር መሀል ላይ ነው፣ ስልክ ስታነሺ ወይ ስትቆሚ ክሩ ወደ ፊት ቀርቶ ሳይመለስ ቀጣዩን በፊት ስትሠሪ መርፌው ላይ ትርፍ ጥምጥም ይቀራል፣ በሚቀጥለው መስመር እንደ አይን ትቆጥሪዋለሽ፣ ይሄኛው ግን ቀዳዳ ትቶ ስለሚሄድ ይታወቃል። ሶስተኛው መርፌው ክሩን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ግማሹን ብቻ ሲያነሳ ነው፣ ሹል መርፌና ልል የተገመደ ክር ሲገናኙ ይበዛል።

ስለዚህ ጨርቁን ወደ መስኮት አንስቼ ቀዳዳ እንድቆጥር አዘዘችኝ። ቀዳዳ የሌለው ትርፍ በአብዛኛው ከጠርዝ ነው፣ ቀዳዳ ያለው ከመሀል። በነጋታው መስኮት ላይ አውጥቼ ቆጠርኩ፣ 4 ቀዳዳ። 9ኙ ከጠርዝ ማለት ነው። 9 እና 4፣ 13። እንደዛ ሂሳቡ ገጥሞልኝ አያውቅም፣ በትምህርት ቤትም።

ሶስተኛውን ጥያቄዬንም የመለሰችው እሷው ናት፣ ግማሽ በግማሽ። በየጠርዙ ሁለት ሁለት አይን አንድ ላይ እየሠሩ ቁጥሩን ወደ 40 መመለስ ይቻላል፣ ግን የሰፋው ሰፍቶ ይቀራል፣ ቀዳዳውም አይደፈንም፣ ሻርፑ ሆዱ የነፋ ይሆናል። ማዳን ይቻላል ወይ ሳይሆን መልበስ ትፈልጋለች ወይ ብለሽ እህትሽን ጠይቂ አለች። ይሄ ትንሽ ጎመዘዘኝ ግን ልክ ናት።

መልስ 4 አንድ መስመር ብቻ ጻፈ። በየመስመሩ መቁጠር የሰነፈ ሰው 53 ሲያገኝ መገረም የለበትም አለ። ሶስት ሰው ላይክ አደረገለት፣ አንዷ እናቴ ብትሆን አይገርመኝም።

መልስ 5 በ4 ተናደደች። 40 አይን በየመስመሩ የሚቆጥር ሰው ሹራብ ሳይሆን ቆጠራ ነው የሚሠራው አለች። የሷ ዘዴ በየ10 አይኑ መሀል ሌላ ቀለም ያላት ትንሽ የክር ቀለበት መርፌው ላይ ማስገባት ነው፣ የወረቀት ማያያዣ ሽቦም ይሆናል። መስመሩ ሲያልቅ አራት ክፍል በአይን ብቻ ታያለህ፣ ወፈር ያለው ክፍል ካለ እሱን ብቻ ትቆጥራለህ፣ ስህተቱ የት እንደገባም ታውቃለህ። ይሄን አሁንም እየተጠቀምኩበት ነው፣ የእህቴን የጸጉር ላስቲክ ቆራርጬ።

ከዛ መልስ 6 መጣችና ቤቱን አናወጠችው። ሹራብ መርፌውን ጣዪው፣ ኪሮሽ ያዢ አለች። ኪሮሽ አንድ መርፌ ነው፣ በአንድ ጊዜ ክፍት የሆነችው አይን አንዷ ብቻ ናት፣ ብትወድቅ አንሥተሽ ትቀጥያለሽ፣ ሹራብ ግን 40 አይን መርፌ ላይ ተሰልፎ አንዷ ስትወርድ እስከ ታች ድረስ ይዛ ትወርዳለች። እናቶቻችን በኪሮሽ ነው ቤቱን በሙሉ ዳንቴል ያለበሱት፣ ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ራዲዮኑን፣ የውሃ ማሰሮውን ሳይቀር። መልስ 7 ለዚህ የሰጠችው ምላሽ የዘመናችን ቴሌቪዥን ቀጥኖ ቀጥኖ ዳንቴል የሚቀመጥበት አናት የለውም የሚል ነበር፣ እዚህ ላይ ሻይዬን ደፋሁ። ቁም ነገርም ጨምራለች፣ ለአንድ ዓይነት ስፋት ኪሮሽ ከሹራብ የበለጠ ክር ይበላል፣ ጨርቁም ደረቅ ይላል፣ ለጠረጴዛ ልብስ ጥሩ ነው፣ አንገት ላይ ለሚጠመጠም ነገር ግን ሹራብ ይሻላል። 6 መልሳ፣ የኪሮሽ ሥራን እስከዛሬ ማሽን አልቻለውም፣ ሱቅ ውስጥ እውነተኛ ኪሮሽ ካየሽ የሰው እጅ ሠርቶታል ማለት ነው አለቻት። 7 ዝም አለች። እኔ ግን ዝምታው የመሸነፍ አልመሰለኝም፣ ልጅ እያጠባች ነበር መሰለኝ፣ ቆይታ ተመልሳለች።

መልስ 8 ከሜሪላንድ ናት። ኪሮሽ ከሆነ ቪዲዮ የምታዩ ሰዎች ተጠንቀቁ ብላ የራሷን ገመና ዘረገፈች። የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች የኪሮሽ አጠራር አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር ነው። እንግሊዞች ደብል የሚሉት አሜሪካኖች ሲንግል የሚሉትን አጭሯን ነው፣ የአሜሪካኖቹ ደብል ደግሞ ለእንግሊዞቹ ትሬብል ናት። እሷ የእንግሊዝ መመሪያ ይዛ በአሜሪካ አፍ አነበበችው፣ አጭር መሆን የነበረባት ሁሉ ረጅም ሆነችና ለአራስ የታሰበው ኮፍያ ድስት አለበሰ። የአራስ ልጅ ጭንቅላት ዙሪያው 35 ሴንቲ ገደማ ነው፣ የሷ ኮፍያ ባልየው ላይ ልክ መጣ። እስከዛሬ በረዶ ሲጥል ያደርገዋል አለች። መመሪያው ላይ ሲንግል የሚል ቃል ካያችሁ የአሜሪካ ነው፣ የእንግሊዙ ሲንግል የሚል የለውም፣ በዚህ ለዩት።

መልስ 9 የኔ ነው። መምህርትን አመሰገንኩ፣ የቀዳዳውን ቆጠራ ውጤት ነገርኳቸው፣ በዛው ደግሞ ወንድ ነኝ አልኩ። አልዋሸሁም እኮ፣ ጀማሪ ነኝ ነው ያልኩት፣ ነኝ ላይ ወንድና ሴት የለም፣ አንቺ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። መኪና እየነዳሁ ነው የምኖረው፣ ቦሌ ኤርፖርት ደንበኛ ስጠብቅ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ቁጭ እላለሁ፣ ስልክ መጎርጎር ሰለቸኝ፣ በቃ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለሁለት ተተረተረ። መልስ 10 ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ መሪ ላይ ሲቀመጥ ተሳፋሪው ምን ይላል የሚል ነገር ጻፈ፣ ከዚህ የባሰም ጽፎ ነበር፣ አድሚን አጠፋው። መልስ 11 ረጋ ብሎ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸጠውን ጥበብ ማን እንደሚሸምነው ጠየቀው። ሸማኔው ወንድ ነው፣ ሴቷ በእንዝርት ትፈትላለች፣ ወንዱ ጉድጓዱ ጋ ተቀምጦ መወርወሪያውን ይወረውራል። እሱ የመንዝ ልጅ ነው፣ እነሱ ጋም የበጉን ሱፍ ሴቶች ፈትለው ባናውን የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፣ በዛ ብርድ ባና የለበሰ ወንድ ሸማኔውን ሲያሾፍበት አላየሁም አለ። መልስ 12 ደግሞ በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በፈረንጅ 2021 ማለት ነው፣ ውሃ ጠላቂው ቶም ዴሊ ወርቅ ወስዶ ተመልካች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሹራብ ሲሠራ ዓለም እንዳየው አስታወሰ፣ ለሜዳሊያው ማስቀመጫ ቦርሳ ሁሉ ሠርቶለት ነበር። መልስ 13 ፔሩ ውስጥ ታኪሌ የምትባል ደሴት ላይ ኮፍያ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፣ በልጅነታቸው ነው የሚማሩት፣ ዩኔስኮም መዝግቦታል ብላ ጨመረች። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን ለእውነት ያህል ጥያቄ ቁጥር ሁለት እስካሁን አልተመለሰም፣ ሻርፔ እንደተጠቀለለ ነው።

መልስ 14 ይሄን ታዝባ መለሰችን። የፊትና የጀርባ መስመር እየተፈራረቀ የሚሠራ ጨርቅ በአንድ በኩል ለስላሳ በሌላው ሻካራ ይሆናል፣ የሁለቱ ወገን አይን እኩል ስለማይስብ ሁሌም ይጠቀለላል፣ የላይና የታች ጠርዙ ወደ ለስላሳው፣ የጎንና የጎኑ ወደ ሻካራው። ያንተ እጅ ጥፋት አይደለም፣ የዓለም ሻምፒዮንም ቢሠራው ይጠቀለላል። ለሻርፕ ሁሉንም መስመር፣ ሄዶም ተመልሶም፣ በፊት ብቻ ሥራው፣ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ገመድ ገመድ ይወጣለታል፣ ጠረጴዛ ላይ ዝርግ ብሎ ይተኛል፣ የጀርባውን አሠራር ገና ለማያውቅ ሰውም ይቀላል። ለስላሳውን ካልተውኩ ካልክ ከዳርና ከዳር አራት አራት አይን፣ ከላይና ከታች ደግሞ ስድስት ስድስት መስመር በዚሁ ዓይነት ክፈፍ አድርግለት፣ ልክ እንደ ነጠላ ጥለት። ወይ ሁለት በፊት ሁለት በጀርባ እያልክ ሂድ፣ የሹራብ እጅጌ ላይ እንዳለው የሚለጠጥ ይሆናል። የኔ ቪዲዮ ይሄን አንዱንም አልተናገረችም፣ ካሜራ ፊት ጨርቁን ሁለት እጇ ወጥሮ ነበር የያዘው፣ አሁን ነው የገባኝ።

መልስ 15 ጣጣ የለውም፣ ካውያ ይተኮስበት አለ።

መልስ 16 ጮኸች፣ በጽሑፍ መጮህ የሚቻል ከሆነ። መጀመሪያ ክሩ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ካውያ አታስጠጉ! እዚህ አገር ሱቅ የሚሸጠው አብዛኛው ርካሽ ክር አክሪሊክ ነው፣ ፕላስቲክ ማለት ነው፣ ትኩስ ካውያ ሲነካው ሟሽሾ ይሞታል፣ ያብለጨልጫል፣ ዳግመኛ አይመለስም። እሷ የልጇን ሹራብ የልደቱ ዕለት ጠዋት ተኩሳ ሬሳ አድርጋዋለች። ሱፍ ከሆነ ደግሞ ጠላቱ ሙቅ ውሃና ማሸት ነው፣ ይሰበሰብና ይጠጥራል፣ ለአባት የተሠራው ለልጅ ይሆናል። በቀዝቃዛ ወይ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልሎ ረግጦ ውሃውን ማውጣት፣ ከዛ አግድም ዘርግቶ ማድረቅ። ገመድ ላይ አታስጡት፣ በራሱ ውሃ ክብደት ይረዝማል። እንዴት ይለያል ላላት ሰውም፣ ትንሽ ቁራጭ ክር ከሌላ ነገር አርቆ ብረት ሰሃን ላይ ማቃጠል ነው አለች፣ ሱፍ እንደተቃጠለ ጸጉር ሸቶ በጣት የሚፈርስ አመድ ይሆናል፣ አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የኔ ፍሬ ሆነ።

የመንዙ ልጅ (11) እዚህ ገብቶ በእጅ የተፈተለ የመንዝ ሱፍ ለሹራብ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ይሄ 17 ነው። መምህርት በ18 ይሆናል ግን ጠጉሩ ሻካራ ነው፣ ለካፖርት ወይ ለእግር ሹራብ እንጂ ለአራስ ልጅ ቆዳ አይሞከርም አለችው። 19 ከዱባይ ናት፣ እኛ ጋ ሱፍ ብሎ ነገር የለም፣ በጥጥ ነው የምሠራው አለች፣ ማዳም ስትተኛ ማታ ማታ። ጥጥ ይተነፍሳል ግን አይለጠጥም፣ ይከብዳል፣ ስህተትም አይሸፍንም፣ ሱፍ ቢሆን የተዛባውን አይን ሲታጠብ ትንሽ ያስተካክልልሻል። ለጀማሪ ወንድማችን ጥጥ አልመክርም ብላለች። ወንድማችን መባል ደስ አለኝ።

ከ20 እስከ 23 ስም ላይ ተጣሉ። እኔ ፊትና ጀርባ ያልኩትን አንዷ ቀጥና ግልብጥ ትላለች፣ አንዱ ውስጥና ውጭ፣ አንዷ ደግሞ እናቷ ቤት ውስጥ በቃል ሳይሆን በጣት ነበር የምታሳየን አለች። አልተስማሙም፣ ዘልዬዋለሁ።

24 ላይ 8 (የድስቱ ኮፍያ) ተመልሳ ስለ ክር ግዢ ጻፈች። መጠቅለያው ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የተነከረበት ዙር ቁጥር አለ፣ ያ ካልተመሳሰለ አንድ ቀለም የሚመስለው ክር ተሠርቶ ሲያልቅ ሁለት ይሆናል። እሷ አንድ ሱቅ ሊዘጋ ሲያራግፍ ተሻምታ ገዝታ ደረቷ ላይ ድንበር ወጣላት። የሚያስፈልገውን ሁሉ አንድ ላይ ግዙ፣ አንድ ጥቅል ጨምራችሁ። 25 ላይ መርካቶ የሚገዛ ሰው፣ ወረቀቱ ተቀዶ ለሚሸጥልን ምን ትላላችሁ ብሎ አፋጠጣት። መልሱ ጥሩ ነበር፣ ከሱቅ ውጭ በጸሐይ አስተያዩት፣ ግድ ከሆነና ከተለያየ ከሁለቱ ጥቅል ሁለት ሁለት መስመር እያፈራረቃችሁ ሥሩ፣ ልዩነቱ ተበትኖ ይጠፋል። በዛው 7 ትንሽ ናሙና ሳትሠሩ ሹራብ የምትጀምሩ ሰዎች ብላ ገባች። 10 በ10 ሴንቲ የሚሆን ሠርታችሁ አጥባችሁ ቁጠሩ። መመሪያው በ10 ሴንቲ 20 አይን ብሎ እጃችሁ ላልቶ 18 ከሆነ፣ 100 ሴንቲ ሊሆን የታሰበው 200 አይን 111 ሴንቲ ይወጣል፣ ወፍራም ዘመድ መፈለግ ነው። ለሻርፕ ግን ናሙና ግዴለም፣ ሻርፕ ሰው አይጠብም።

26 ላይ ትዝታ ተጀመረ። አንዷ ልጅ ሆና መርፌ መግዣ ስላልነበራት ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነቅላ ጫፉን ደረጃ ላይ ሲሚንቶ ላይ እየፈተገች ነበር የተማረችው። ሌላዋ የሳይክል ጎማ ሽቦ። ከትዝታው ውስጥ ያወጣሁት ቁም ነገር፣ አሉሚኒየም ያንሸራትታል፣ ለፈጣን እጅ ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ ግን አይኑ ሾልኮ ይወድቃል፣ የቀርከሃ መርፌ ክሩን ያዝ ያደርጋል። እና ጀማሪ ሁሉ ከፍርሃት የተነሳ አጥብቆ ይሠራል፣ መርፌው ራሱ አልገባም እስኪል። ሲጀመር አይኑን ወፈር ባለ መርፌ፣ 5 ሚሊ በሉት፣ ማንሳትና ከዛ ወደ 4 መመለስ። ክሩን ስትለኩ ለማንሻ የሚሆን ጭራ የስፋቱን ሶስት እጥፍ አስቀሩ፣ 20 ሴንቲ ሻርፕ ከሆነ 60 እና ትንሽ ትርፍ። እኔ ሁለት ጊዜ 36ኛው አይን ላይ ጭራዬ አልቆብኛል፣ ለካ መለኪያ ነበረው።

27 ግራኝ ናት፣ ማን እንደሚያስተምራት ጨነቃት። 28 ቀኝሽን ልመጂ፣ እኛም ተገርፈን ነው የለመድነው አላት፣ እዚህ ላይ ሁሉም ተነሣበት። መምህርት ከአስተማሪዋ ጎን ሳይሆን ፊት ለፊቷ እንድትቀመጥ መከረቻት፣ እንደ መስተዋት እጇን እየተከተለች። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ምስሉን ቀኝና ግራ የሚገለብጥ አፕ አለ። ክፍሏ ውስጥ ሁሌ አንድ ሁለት ግራኝ እንደነበሩና መጀመሪያ ላይ እሷም እንደምትቆጣቸው አልደበቀችም። 28 ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን ኮመንቱን አነሳው።

29 ሥራ ተቀብላ የምትሠራ ሴት ናት፣ ሰው የክሩን ዋጋ እንኳ የማይመልስ ብር ይጠራል ብላ ምሬቷን አፈሰሰች። 30 ለገበያ ከሆነ ሌላ ክር ክፈቱ አላት አድሚን። ትክክል አልመሰለኝም፣ ጀማሪም እኮ ነገ ይሸጣል።

31 እኔ ነኝ፣ ቀጥታ ሪፖርት። ሻርፑን ለእናቴ አሳየኋት። ጣቶቿን ቁርጥማት ስለያዛት መርፌ ከያዘች ቆይታለች፣ ጨርቁን ግን ተቀብላኝ አገላብጣ አየችው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ምንም አላለችም፣ መርፌውን ስባ አወጣችና ክሩን ያዘችው። ሶስት ማታዬ ሻይ ሳይፈላ አለቀ። ከዛ ልቃቂቱን እየጠቀለለች ላላ አድርጊ... ላላ አድርግ አለችኝ፣ እሷም ተምታታባት። አሁን ሁሉንም በፊት፣ ነጭ አመድማ ክር፣ በየ10ሩ ላስቲክ፣ 62ኛ መስመር ላይ ነኝ፣ 40 አይን። አንድ መስመር ላይ 41 ሆኖ አግኝቼ ኋላ ተመልሼ አስተካክያለሁ፣ ተሳፋሪ ስልክ ደውሎ ነው።

32 አዲስ ሰው ናት። 60 ጀምራ 59 ሆነባት፣ ከላይ እስከ ታች መሰላል ወርዷል። የምመልሰው ነገር በመገኘቱ ደስ ብሎኝ ከሁሉ ቀድሜ መለስኩላት፣ 33 የኔ ነው ማለት ነው፣ የወደቀችውን አይን በኪሮሽ ያዢ፣ የመሰላሉን ደረጃ አንድ በአንድ ከፊት እየሳብሽ አውጪያት፣ ጫፍ ስትደርሺ መርፌው ላይ ስቀያት።

ይሄን ጽፌ ላይክ ስጠብቅ መምህርት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፣ በሰው ፊት ላለማሳፈር መሰለኝ። ያልኩት ለለስላሳው ጨርቅ ብቻ ነው። ልጅቷ እንደኔ ሁሉንም መስመር በፊት ከሆነ የምትሠራው ደረጃዎቹ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ እየተፈራረቁ ነው መሳብ ያለባቸው፣ አለበለዚያ ገመድ ገመዱ መሀል አንድ ለስላሳ ጅራት ከላይ እስከ ታች ይወጣል። የትኛው እንደሆነ ፎቶ ሳታይ ለምን መለስክ አለችኝ።

ሄጄ አረምኩትና ልጅቷን ፎቶ እንድትልክ ጠየቅኳት። አሁን ላከች። ክሩ ጥቁር ነው።